ፍንክች ያላለች መኪና

ሞተሩ ወይ ፍንክች!

መካኒኩ ከቁመቱ የሚረዝም የውሃ ቱቦ መፍቻው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ አንድ እግሩን መከላከያው ላይ ተክሎ፣ ያለ የሌለ ጉልበቱን አጠራቅሞ ሳበ። ቱቦው ጎበጠ። መካኒኩም ጎበጠ። ከሁለቱ ቀድሞ የተቃናው ቱቦው ነው።

"ተንቀሳቀሰ?" አለች ሚስቱ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ።

"አዎ።"

"ኧረ! ምኑ?"

"ወገቤ።"

ሚስቲቱ መስኮቱን መልሳ ዘጋችው። ድሮ ቢሆን ትስቅለት ነበር። አሁን ግን ሳቋም እንደ ሞተሩ ደርቋል። ያቺ አረንጓዴ የጦር መኪና ግቢው መሃል ከተጎለተች ወዲህ ልብስ ማስጫ የለ፣ መተላለፊያ የለ። አንሶላው ሳይቀር ከመኪናዋ መስተዋት እስከ ቤቱ በር በተወጠረ ገመድ ላይ ነው የሚሰጣው። ነፋስ የተነሳ ቀን ግቢው ባሕር ላይ ያለ መርከብ ይመስላል። የትም የማይሄድ መርከብ።

መካኒኩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ለጎማው ሰጠ። ደክሞታል። ድካሙ የዛሬ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን የሰው መኪና ሥር ተጋድሞ ኖሮ፣ ከሰማይ ይልቅ የመኪና ሆድ ያውቃል። ሞተር ሲያስል ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። መንደሩም "መፍቻ" ብሎ ነው የሚጠራው። እንዲህ ያለ ግትር ግን ገጥሞት አያውቅም።

ያላጠጣት ነገር አልነበረም። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሲያነሳ የወጣው ዝገት ለብቻው ሌላ መኪና ይወጣው ነበር። እሱን በባልዲ ዝቆ ሲጨርስ፣ አራቱ ፒስተኖች እንደ ተኳረፉ ዘመዳሞች ፊታቸውን አጥቁረው አዩት። ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ለውሶ አፈሰሰባቸው። ነጭ ጋዝ አፈሰሰባቸው። የፍሬን ዘይት አፈሰሰባቸው። ሚስቱ ለሰላጣ ያስቀመጠችውን ኮምጣጤ ሳይቀር ከቁም ሳጥኑ ሰርቆ አፈሰሰባቸው። ያን ሰሞን ቤተሰቡ ሰላጣውን ደረቁን ሲያኝክ ሞተሩ ኮምጣጤውን ጥጥት አድርጎ ዝም አለ። ጎረቤቱም ሁሉ ባለመድኃኒት ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው እርሾ ጨምርበት አለው። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ የሳል ሽሮፕ ሞክር አለችው፣ ለሷ ደግሞ ሁሉም ነገር ሳል ነው። መካኒኩ ሽሮፑንስ ሞክሯል ይባላል፤ ለሞተሩ ይሁን ለራሱ ግን አልታወቀም።

በእንጨት ጉማጅ እያስደገፈ ፒስተኖቹን ቀጠቀጠ። በእሳት አሞቀ፣ በውሃ አቀዘቀዘ። ለመነ። ሰደበ። ከሁሉም በኋላ ቱቦውን ሲስብ ሞተሩ ፀጉር የምታህል ብቻ ይሄድና፣ ቀጭ! ብሎ ይቆማል። ወደዚህ ፀጉር፣ ወደዚያ ፀጉር። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ።

"እኔ'ኮ ነግሬሃለሁ፣ ጩጬ" አለ ከወንበሩ ላይ ታላቅ ወንድሙ። "ቆልፌያታለሁ። ዝገት አይደለም።"

ጩጬ የሚባለው መካኒኩ ራሱ ነው። ጢሙ ከሸበተ ቆይቷል፤ ለወንድሙ ግን እስከ ዛሬ ጩጬ ነው።

ወንድምየውን መንደሩ "ሻምበል" ይለዋል። ማዕረጉን የሰጠው መንደሩ ነው እንጂ ሠራዊቱማ ከሹፌርነት ወደ ድንች ላጭነት ነው ዝቅ ያደረገው። ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ይህችኑ መኪና ይነዳ ነበር። ጦሩ ሲያፈገፍግ ነዳጇ መንገድ ላይ አለቀባት። የሠራዊቱ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ይዘህ ካልመጣህ፣ ጠላት እንዳይነዳት አድርገህ ና። ሻምበል በእግሩ ደረሰና "ቆልፌያት መጣሁ" አለ። ማን ይመነው! ሞተሯ እየሠራ ጥሏት ፈረጠጠ፣ መሪዋን ገና ትኩሱን ለጠላት አስረከበ ተባለ። የቀረውን የጦርነት ዘመን ድንች ሲልጥ ጨረሰው። አገሩ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሚስቱ ነፍሷን ይማርና፣ ወንድሞቿ በተሰበሰቡ ቁጥር "አስረካቢው መጣ" እያሉ ወንበር ይስቡለት ነበር።

ሻምበል መልሶ ምን አደረገ? ታሪኩን አሳመረው። መጀመሪያ ጠላቶቹን አበዛቸው፤ አንድ ላይ ሲያስሉ የዛፍ ቅጠል የሚያረግፉ ሆኑ። ቀጥሎ ወንዝ አመጣ፣ ወንዙ ውስጥ አዞ ጨመረ፣ አዞውም መኪናዋን ከኋላ ገፋለት። ከዓመታት በኋላ አንበሳ መጣ። አንበሳው ጋቢና ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠ፣ ኬላ ላይም ሰላምታ ሰጠ። መቆለፊያውም ከታሪኩ ጋር ይቀያየራል። አንዴ በቀበቶው ነው የቆለፋት፣ አንዴ ጄኔራሉ በሸለመው የወርቅ ቁልፍ፣ አንዴ ሞተሩ ውስጥ ተጠቅልሎ በተኛ ዘንዶ። መንደሩ በሳቅ ፈነዳ፣ ሻይ ገዛለት፣ ሻምበል አለው። አስረካቢ መባሉም እየቀረ መጣ።

መካኒኩ ግን እነዚያን ታሪኮች ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷቸው፣ ጆሮው ላይ መጅ አብቅለዋል። ወንድሙ አፉን ሲከፍት የሱ ጆሮ ይዘጋል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጉድ ተሰማ። አንድ ጡብ ሠሪ አፈር ሊያስወጣ በገዛው ሜዳ ላይ የዶሮ ቤት ሆና የኖረች የጦር መኪና አለች ተባለ። ወንድማማቾቹ ሄደው አዩ። ዳሽቦርዷ ላይ ሻምበል በሹፌርነቱ ዘመን በሚስማር የጫረው አንበሳ አለ፤ ለማያውቅ ሰው ድመት ይመስላል። ሻምበል ጣቱን በአንበሳው ላይ አስኬደና፣ ያ ወሬኛ አፉ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ። መካኒኩ ወንድሙ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሆዱ ባባና፣ ሳያስበው "አስነሳታለሁ" አለ። ያችን ቃል ከዚያ ወዲህ በቀን በቀን ሲረግማት ኖሯል። በትራክተር አስጎትቷት ሲመጣ ከወንበሩ ሥር አንዲት ዶሮ አብራ መጣች። አልወርድም አለች። እስከ ዛሬም የሹፌሩ ወንበር ላይ ነው የምትጥለው። ሻምበል "ረዳት" ብሎ ስም አወጣላት።

አሁን ግን ቅዳሜ ቀረበ። የሻምበል ሴት ልጅ ከሩቅ ከተማ መጥታ አባቷን ልትወስድ ነው፤ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ሻምበልም ፎቅ ላይ ሊኖር ነው። "ሞተሩ እስከዚያ ከዞረ ትቀመጥ፣ ካልዞረ ግን ብረቷን ቆራጭ ይውሰዳት፣ አጎቴም ይረፍ" ብላለች በስልክ። የመካኒኩ ሚስትም ተስማምታለች፤ እንዲያውም ሐሳቡ የማን እንደሆነ ባይመረመር ይሻላል።

ሻምበል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "መቆለፌን ሳታዩ አታሳርዷት። ብትቆረጥ ግዴለም። ግን በዝገት ከደረቀች፣ ያው እንዳሉት ጥያት ሮጫለሁ ማለት ነው። ተቆልፋ ከሆነ ግን ተቆልፋለች።"

መካኒኩን እንቅልፍ የነሳችው ይቺ ናት። እጁ ስንት ዝገት ያውቃል። ይሄም ዝገት ነው ይለዋል። ለወንድሙ እንዴት ብሎ ይንገረው?

*

ብረት ቆራጩ "ምላጩ" ይባላል። አጥሩ ጥግ ነው የሚኖረው፤ አሮጌ ብረት በእሳት ሰንጥቆ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ሻይ አማረኝ እያለ ይመጣና፣ እንደ በግ ገዢ የመኪናዋን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ ያደርጋል።

"ሥጋ አላት" ይላል። "የዛሬ መኪና እኮ ቆርቆሮ ነው። ይቺ ግን ሙክት ናት።"

"እጅህን ሰብስብ" ይለዋል መካኒኩ።

"መፍቻ፣ ምን ታደርቀኛለህ? አንተ ልጅህን ታስታምማለህ፣ እኔ ሬሳ ሳጥን እለካለሁ። ሁላችንም ሥራ ላይ ነን።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻምበል ለምላጩ አዲስ ታሪክ ጀመረለት። በዚህኛው ታሪክ አንበሳው አግብቷል።

"... ሚስቱ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ። ነፍሰ ጡር ናት። ቀስ ንዳ ትለኛለች በጥፍሯ ትከሻዬን እየነካች። ጠላት በዚህ፣ ጠላት በዚያ፣ እኔ ደግሞ ጉድጓድ እመርጣለሁ!"

"አቤት ሻምበል!" ምላጩ ጉልበቱን መታ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ ነዳጅ አለቀ። አንበሳ ወረደ፣ ሚስቱን ደግፎ አወረደ። እኔም መኪናዬን ቆለፍኩ። አንበሳው ከጋማው አንድ ፀጉር ነቅሎ ሰጠኝ፣ በሷ አሰርኳት። ተሰነባበትን።" እዚህ ላይ ሻምበል ድምፁን ዝቅ አደረገና ግራ ጆሮውን አሻሸ። "ያን ዕለት ማታ ድንኳኔ በአንድ ጥግ በኩል ካስማ አልነበረውም። ሸራው ፊቴን ሲጠፈጥፈኝ፣ ዝናቡ እዚህ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ነጋ። እስከ ዛሬ ያፏጭብኛል።"

መካኒኩ ቱቦውን ወረወረው። ዶሮዋ ከጋቢናው ዘላ ወጣች።

"ወንድም ጋሼ፣ በሞትኩት! አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ አንበሳውንም አዞውንም አውጣልኝና፣ በምን እንደቆለፍካት ንገረኝ! ነገ'ኮ ልትታረድ ነው። እጄ አልቋል። ወገቤ አልቋል። አንተ አንበሳ ታጋባለህ!"

ምላጩ ብርጭቆውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለ።

ሻምበል ጆሮውን ማሻሸቱን ተወ።

"እንዳለ ነግሬያቸው ነበር'ኮ" አለ። "የመጀመሪያ ቀን። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ አንድ ሳልጨምር። አዛዡ አዛጋ። በሁለተኛው ቀን ደግሜ ነገርኳቸው፣ ሳቁ። አገሬ ገብቼ ነገርኩ፣ እዚያም ሳቁ። አንበሳ ስጨምርበት ግን ዝም ብለው አዳመጡኝ፣ ጩጬ። ሰው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንበሳ ካለበት ይሰማል።"

"እሺ፣ ያችኑ ያልተጨመረባትን ለኔ ንገረኝ።"

ሻምበል እጁን አየ። በእድሜ የተጨማደደ፣ ባዶ እጅ።

"የትኛዋ እንደነበረች ጠፋችብኝ" አለ። "ብዙ ናቸው። በቀበቶ ነው እላለሁ፣ ቀበቶው ትዝ ይለኛል። በዘንዶ ነው እላለሁ፣ ዘንዶውም ትዝ ይለኛል። ደከመኝ፣ ጩጬ።"

መካኒኩ የተወረወረውን ቱቦ ሄዶ አነሳው። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር፤ አንዱ ከብረት ጋር ሲታገል፣ አንዱ ከወሬ ጋር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ምላጩ ጋዝ ሲሊንደሮቹን በጋሪ እየገፋ ገባ። ለወጉ ኮፍያውን አውልቋል። ሻምበል ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ልጁ በአውቶቡስ ደርሳ፣ አንዴ አባቷን አንዴ መኪናዋን አንዴ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። ነጭ ጫማ አድርጋለች። ነጭ ጫማ አድርጎ መካኒክ ግቢ የሚገባ ሰው እንግዲህ ለመቆየት አልመጣም።

"አጎቴ፣ በቃ ተወው" አለችው። "ቀለምህ ራሱ ተለወጠ።"

"አንዴ" አለ መካኒኩ። "አንዴ ልሞክርና።" ወደ ሚስቱ ዞረ። "ነይ፣ ይሄን ቱቦ ሳቢልኝ።"

"እኔ?"

"አንቺ ያላነቃነቅሽው የለም፤ እኔን ስንት ዓመት አነቃነቅሽኝ።"

"አፍህ ብቻ አልዛገም" አለችና፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቱቦውን ጨበጠች። አንሶላዋ ከራሷ በላይ ባለው ገመድ ላይ ይርገበገባል፤ ዛሬም አጥባለች፣ ምን ታድርግ።

መካኒኩ ጣቶቹን በአራቱ ፒስተኖች ራስ ላይ አሳረፈ፣ ፒያኖ እንደሚመታ ሰው። ሚስቱ ሳበች። ፀጉር። ቀጭ። ገፋች። ፀጉር። ቀጭ።

"እስቲ ድገሚ።"

ደገመች። መካኒኩ ጣቶቹን አላነሳም። አራቱም እኩል ነው የሚንቀሳቀሱት። አንዱ ወጣ ሲል አንዱ ገባ ይላል፣ እኩል ይቆማሉ። የዛገ ፒስተን ቢኖር እሱ ደርቆ ሌሎቹን ይይዛቸው ነበር፣ በሳቡት ቁጥርም ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ይመጣ ነበር። ይሄ ግን አይለቅም። ፒስተኖቹ ከተፈቱ ቆይተዋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ኮምጣጤ ሥራውን ሠርቷል። የያዛቸው ሌላ ነው። ከኋላ የሆነ ነገር አለ። ይሄን ድሮ ማየት ነበረበት፤ ደክሞት ነው ያላየው፣ ወይም ዝገት ነው ብሎ ስለቆረጠ።

ምላጩ ቱቦዎቹን ከሲሊንደሮቹ ጋር እያገጣጠመ፣ "ሻምበል፣ እስቲ የመጨረሻዋን" አለ። "ለሷም ስንብት ይሁናት።"

ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገ። ዛሬ ድምፁ ሻካራ ነው። "ጠላት እንደ ጉንዳን ነበር" አለ። ቆመ። "ወንዙም..." አለ። ወንዙ አልመጣለትም። አንበሳውም አልመጣም። ልጁ ጎንበስ ብላ የካፖርቱን አንገት አስተካከለችለት። "ብቻ ዘነበ" አለ ሻምበል ግራ ጆሮውን እያሻሸ። "ድንኳኔ ካስማ ጎደለው። ሌሊቱን ሙሉ ሸራው በጥፊ መታኝ።"

መካኒኩ ቀና አለ።

እነዚያን ጆሮውን ዘግቶ የኖረባቸውን ታሪኮች ሁሉ ባንዴ ሰማቸው። ጠላቱ ይበዛል ያንሳል። ወንዙ ይሞላል ይደርቃል። አዞው መጥቶ ሄዷል፣ አንበሳው መጥቶ አግብቷል። ድንኳኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ድንኳን ነው። ያው ጥግ፣ ያው ዝናብ፣ ያው ጆሮ። ወንድሙ ያልነካካት፣ ቀለም ያልቀባት አንዲት ነገር ብትኖር ይህቺ ናት። ወንድሙ ደግሞ በሕይወቱ ሳያሳምር ያለፈው ነገር የለም፤ ሾርባ እንኳ ሲበላ ሾርባው ዓሣ ነባሪ ያለበት ነው። ታዲያ ይህቺን ለምን ተዋት? የደረሰችበት ስለሆነች ነው። ገና ስለሚያመው ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ካስማው የት ሄደ?"

"እ?"

"የድንኳንህ። ለምን ጎደለ?"

"ምን አውቄ። ጎደለ።"

"የእንጨት ነበር የብረት?"

"የብረት ነዋ! የጦር ድንኳን በእንጨት ይተከላል እንዴ?" ሻምበል ተቆጣ። "ይሄን የሚያህል! ደህና ብረት!"

መካኒኩ መኪናዋ ሥር ገባ። አጎነበሰም አይባልም፣ እንደ ጆንያ ነው የወደቀው።

ከሞተሩ ኋላ ቮላኖ የሚባል ትልቅ ጥርሳም ክብ ብረት አለ፤ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል፣ እሱ ከተያዘ ሞተሩም ተያዘ። መካኒኩ ከወራት በፊት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተነቅሎ በተሰረቀበት በላይኛው ቀዳዳ በኩል በባትሪ አይቶት ነበር። ጥርሶቹ ንጹሕ ናቸው ብሎ አለፈው። ከሥር ግን የቮላኖው ቤት ሌላ መክደኛ አለው፣ የሻይ ሰሐን የምታህል። እሷን አልከፈታትም። አላያትማ! የስንት ዓመት የዶሮ ኩስ እንደ ሲሚንቶ ለስኗታል። የትኛው መካኒክ ነው ምስጢር የዶሮ ኩስ ሥር የሚፈልገው?

መሮ አንስቶ ኩሱን ይፈልጠው ጀመር። ዓይኑ ውስጥ ገባ። አፉ ውስጥም ገባ፤ ስለ ጣዕሙ ባይወራ ይሻላል። መክደኛዋ ብቅ አለች። ብሎኖቿ ግን ከመክደኛዋ ጋር አንድ ሆነው ተጋብተዋል።

"ምላጩ!" ብሎ ጮኸ ከሥር። "እሳትህን አምጣ!"

ምላጩ ደንግጦ ተንበረከከ። "መፍቻ፣ ከሥር ነው እንዴ እንድጀምር የፈለግከው? ከላይ ነበር ልማዴ..."

"ብሎን አሙቅልኝ እንጂ ማን ቁረጥ አለህ!"

ሊያርዳት የመጣው እሳት ብሎኖቿን አቀላቸው። ምላጩ እያሞቀ፣ መካኒኩ እየፈታ፣ እጁን እየላሰ፣ "አይ እናቴ!" እያለ፣ የመጨረሻዋ ብሎን ወደቀች። መክደኛዋም ወደቀች።

መካኒኩ ባትሪውን አበራ።

ካስማው እዚያ ነበር። በቮላኖው ጥርስና በቤቱ ግድግዳ መሃል እስከ አንገቱ ተቀርቅሮ፣ ራሱ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተጨፍልቆ። ይሄን ነፋስ አላስገባውም፣ ዶሮም አላስገባችውም። አንድ ሰው፣ ጠላት እየመጣበት፣ ጭቃ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ልክ አሁን መካኒኩ በተኛበት ቦታ ተኝቶ፣ ጊዜ ወስዶ መትቶ አስገብቶታል። ከዚያም መክደኛዋን መልሶ ብሎኖቿን አስሯል። የሚሮጥ ሰው ብሎን አያስርም።

መካኒኩ መሮውን ጫፉ ላይ አድርጎ ከወዲያ በኩል መታው። እምቢ አለው። መታው። መታው። ካስማው ተንሸራቶ ወጣና ደረቱ ላይ ዱብ አለ።

ከመኪናዋ ሥር የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፣ እግሩም አይንቀሳቀስም።

"ሞተ እንዴ?" አለች ሚስቱ።

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

"ተኝቻለሁ።" እውነቱን ነው። እንደዚያ ቀን ተመችቶት ተኝቶ አያውቅም። "ማኖቬላውን ከፊት ስኩት። ወንድም ጋሼ ያዙረው።"

"አባዬ አይችልም፣ አጎቴ፤ አንተን ያቃተህን..."

"ይችላል። አቅፈሽ አምጪው።"

ልጁ አባቷን ደግፋ አመጣችው። ሻምበል ያንን ቆልማማ የብረት እጀታ ጨበጠ። እጁ አልረሳውም፤ አውራ ጣቱን እንደ ድሮ ሹፌር ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አደረገ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ብትመልስበት እንዳትሰብረው። ዞር አደረገ።

ሞተሩ ዞረ።

ልክ እንደ ቡና ወፍጮ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ያን ሁሉ ወራት ማንንም እንዳላስቸገረ ዞረ። አራቱ ፒስተኖች በአጥር ላይ እንደሚያጮልቁ ጎረቤቶች ተራ በተራ ብቅ ጥልቅ አሉ። የጠጡትን ናፍጣ፣ ዘይትና ኮምጣጤም ወደ ሰማይ ተፉት። የሚስቲቱ አንሶላ ከላይ እስከ ታች ነብር ሆነ።

ሁሉም እሷን አዩ። አንሶላዋን አየች፣ ሞተሩን አየች።

"ይሁን" አለች። "ነገ አጥባለሁ።" ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በመቀነቷ ዓይኗን ጠረገች፤ ዘይት ገብቶባት ነው አለች።

መካኒኩ እየተንፏቀቀ ወጣና ካስማውን በወንድሙ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ሻምበል አገላበጠው፤ የተጨፈለቀ ራሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"የድንኳኔ ካስማ!" አለ። "ስንቴ ፈለግኩት!" ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ፣ ሩቅ መንገድ ሄዶ እንደሚመለስ ሰው። "አይ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሌላ ብረት አልነበረኝም።"

ልጁ ነጭ ጫማዋን ረስታ ዘይቱ ላይ ቆማለች። የእናቷ ወንድሞች "አስረካቢው" ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው። "አባዬ..." አለች። የአባቷን ሻንጣ አነሳች። ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ነው ብለው አሰቡ። እሷ ግን ወደ ቤት መልሳ አስገባችው። "በአውቶቡስ ምን ያንገላታሃል" አለች ከውስጥ። "በሷ ትመጣለህ። ስትነሳ።"

"ገና ብዙ ሥራ አላት" አለ መካኒኩ።

"አባዬ ይጠብቃላ።"

ምላጩ ባዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሳቱን አጥፍቷል፤ እንደ ተሸነፈ ሰውም፣ እንደ ተደሰተ ሰውም ይመስላል። "እሺ ሻምበል" አለ። "እስቲ አሁን እንዳለ ንገሩን። እንዴት ነበር?"

ሻምበል ካስማውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"ነዳጅ አለቀ። መክደኛዋን ፈታሁ። ካስማ አስገባሁ፣ መታሁት። መክደኛዋን አሰርኩ። በእግሬ ሄድኩ። ዘነበ።"

ምላጩ ጠበቀ። የሚመጣ ነገር ጠፋ።

"በቃ?" አለ ቅር ብሎት። "አንበሳውስ?"

ሻምበል ጎንበስ አለ። እውነቷ በእጁ ናት፣ ሁሉም አይቷታል፤ ግን እንደ ካስማው ቀጭንና አጭር ናት። ያ አዛዥ ያዛጋበት ፊት የመጣበት መሰለ።

መካኒኩ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ ተቀምጧል። እጁ ተቃጥሏል፣ ጢሙ ላይ የዶሮ ኩስ አለ። በሕይወቱ አንድ ቃል ጨምሮ አውርቶ አያውቅም።

"አንበሳው ነው'ኮ ካስማውን የያዘለት" አለ። "ወንድም ጋሼ በመዶሻ ሲመታ። ብቻውን እንዴት ይችላል?"

ሻምበል ቀስ ብሎ ዞሮ ታናሽ ወንድሙን አየው። ብዙ አየው። ረዳት ከጋቢናው ሆና አንዴ ጮኸች።

"በግራ እጁ" አለ ሻምበል። "ግራኝ ነበር።"

"አዎ" አለ መካኒኩ። "ግራኝ ነበር።" ዓይኑንም ጨፈነ።